ደጀን ወይስ ቁይ

ወንጌላዊት ስትሸጥ ያላየ ሰው ገበያ ውዬ መጣሁ አይበል! የጤፍ መውቂያ ማሽን ሻጭ ናት። ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ቆማ አንዴ አፏን ከከፈተች አለቀ፤ «እስቲ ከቤቴ ልምከር» ያለው ገበሬ ማሽኑን ጭኖ ይሄዳል። አፈ ቅቤ ይሏታል። ልቧ ጩቤ ግን አይደለም፣ ይሄን ማንም ይመሰክርላታል።

ሰሞኑን ሥራ አስኪያጇ አቶ ትዕዛዙ ሁለት ነገር አቀረቡላት። አንደኛው ደጀን ወርዳ አዲስ ገዢ ማፈላለግ ነው፤ ሞተር ሳይክል አለው፣ ኮሚሽን አለው። ሁለተኛው ጉልበታቸውን አሟቸው ሥራ የሚለቁትን እትዬ ፅጌን ተክታ፣ ቁይ አካባቢ ያሉትን የቆዩ ደንበኞች መያዝ ነው። «ሰኞ ቁርጡን ንገሪኝ» አሏት። ምኑ ያማክራል? ልቧ ደጀን ከገባ ሰነባብቷል። ቅዳሜ ከእትዬ ፅጌ ጋር ወደ ቁይ የሄደችውም ለወጉ ያህል ነው።

ቁይ ሳይደርሱ የእትዬ ፅጌ ስልክ ጮኸ። ጌቱ የሚባል ገበሬ ነው፤ ክምሩን አፍርሶ ነዶውን አውድማ ላይ እንደበተነ ማሽኑ ቆመበት፣ ሰማዩ ደግሞ ያለ ወጉ ጠቁሯል። ማሽኑን የሸጠችለት ራሷ ወንጌላዊት ናት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ደህና ነህ ወይ አላለችውም።

ሲደርሱ ደንግጣ ሮጠች፤ ከነጫማዋም አውድማው መሃል ገባች።

«ኧረ በማርያም! ከነጫማሽ?» ጌቱ ጮኸ። «ገበያ ላይ ስትምይልኝ የነበርሽው አይደለሽም? ሸጠሽልኝ ጠፋሽ፣ አሁን ደግሞ በረከቴን ልትረግጪ መጣሽ?»

ለካ የማርቆስ ከተማ ልጅ አውድማን የምታውቀው በወሬ ኖሯል! ያ ሁሉ አፍ የት እንደገባ እንጃ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች፤ ወጥታ ዳር ቆመች።

እትዬ ፅጌ ጫማቸውን አውልቀው፣ «በረከት ያድርገው» ብለው ገቡ። ጌቱ ድርጅቱንም፣ ማሽኑንም፣ እሳቸውንም አንድ ላይ ሙልጭ አድርጎ ሰደበ። አልተቆጡም። «እውነትህን ነው፣ ጥፋቱ የእኛ ነው» አሉት። ማሽኑን ቢያዩት የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሷል። ወዲያው የሽዋስ ለሚባል፣ ከወንዝ ማዶ ላለ ሌላ ደንበኛቸው ደወሉ። ሴት ልጁን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው።

«አበልጄ፣ የጌቱ ቺንጋ ተበጥሶ ጤፉ ሊበላሽ ነው።» በቃ፣ ሌላ አልጨመሩም።

የሽዋስ ከገዛ ማሽኑ ላይ የፈታውን ቺንጋ ትከሻው ላይ ጥሎ እያለከለከ መጣ። «የኔ ገና ክምር ላይ ነው፣ ዝናብ አይደፍረውም» አለ።

ማሽኑ ተነሳ። ወንጌላዊትም በባዶ እግሯ ነዶ ስታቀብል ዋለች፤ ዓይኗ ግን ከእትዬ ፅጌ ላይ አልተነሳም። እንዴት ያሉ ሴት ናቸው! እሷ ሰው ለማሳመን ስንት ነገር ትደረድራለች፤ እሳቸው ግን ችግሩን ተናገሩ፣ ሰውየው የራሱን ሥራ ጥሎ መጣ። ቀናች፣ ደስም አላት።

ጤፉ ጆንያ ገብቶ ካለቀ በኋላ ዝናቡ ጀመረ። ጌቱ አቀርቅሮ ወደ እትዬ ፅጌ ቀረበ።

«በንዴት ነው የተናገርኩት፣ ይቅር ይበሉኝ። ሥራውን ሊለቁ ነው አሉ። ከእንግዲህ ሲቸግረኝ ለማን ልደውል?»

እትዬ ፅጌ ጉልበታቸውን አሹ። ወንጌላዊት ሞተር ሳይክሉ ትዝ አላት፣ አሳሳት፤ መቼም ሰው ናት።

«ለእኔ» አለች።

ጌቱ ከእግር እስከ ራሷ አያት። «ላንቺ? እስቲ ቁጥርሽን ንገሪኝ።»

ነገረችው። አላመናትም፤ እዚያው ፊቷ ቆሞ ደወለ። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ጮኸ። ዓይን ለዓይን እየተያዩ አወጣችውና ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«አቤት ጋሽ ጌቱ፣ ወንጌላዊት ነኝ» አለች።