የኮቱ ቁልፍና የራዲዮኑ ሰውዬ

ልብስ ሰፊዋ የራዲዮኑን ሰውዬ ስትሰማ ደሟ ፈላ። «አንዲትን ስንኝ ስምንት ጊዜ መደጋገም ግጥም ነው?» እያለ የምትወዳትን ዘፋኝ ያብጠለጥላል።

«ባለፈው ሳምንት ያ ወንዱ ዘፋኝ ሲደጋግም ‹ጥልቅ ነው› ብለህ ስታሞግሰው አልነበር እንዴ?» ብላ ራዲዮኑ ላይ አፈጠጠች።

«እውነቱን እኮ ነው» አሉ አጎቷ፣ ቁልፉ የወለቀ ኮታቸውን እያቀበሏት።

መርፌዋን አንዴ ብቻ አሳልፋ ክሩን በጠሰችና ኮቱን መለሰችላቸው። ቁልፉ ገና ሲነኩት ተንጠለጠለ።

«ኧረ ልጄ፣ ደጋግሚው እንጂ!»

«መደጋገም ይጠላሉ ብዬ ነዋ!»

አጎቷ ሳቃቸው አመለጣቸው። እሷም ኮቱን ተቀብላ ያንኑ ስንኝ እያዜመች ቁልፉን ስምንት ጊዜ ወጋችው። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ አጎቷም አብረዋት ይዘፍኑ ነበር፤ ያውም አንድ ቃል ሳይስቱ።