የጾም የጥርስ ሳሙና

«ይሄ የጥርስ ሳሙና የጾም ነው የፍስክ?»

እትዬ ታንጉት ይህን ስትጠይቀኝ ሁዳዴ ገና መግባቱ ነበር። መልሱን አላውቀውም። ጃፓን ድረስ ሄጄ ስለ ማዕድናት ስማር ኖሬ፣ ስለዚያ ሳሙና ግማሽ ቀን ማውራት እችል ነበር፤ ይህችን ጥያቄ ግን እዚያ የጠየቀኝ ሰው የለም።

እትዬ ታንጉት የአባቴ እህት ናት። ወደ ሶዶ ስመለስ «እስክትወስን» ብላ ጓዳዋ አጠገብ ያለውን ክፍል ሰጠችኝ። መወሰን ያቃተኝ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ልጀምር ወይስ ተመልሼ ልሂድ የሚለው ነበር። ጠዋት የዳሞታን ተራራ ጉም ሸፍኖት ሳይ ልቅር እላለሁ፤ ጉሙ ሲገለጥ ደግሞ ልሂድ እላለሁ።

የእሷ ጭንቀት ግን ከእኔ ይልቅ ግልጽ ነበር። ከላይኛው የፊት ጥርሷ ላይ፣ ድዷ አጠገብ ነጭ ነጥብ ወጥቶባታል። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣው የጥርስ ሐኪም ዶክተር እስራኤል በመስታወት አሳያት።

«ገና አልተቦረቦረም፤ ማዕድኑ ነው የሚሟሟው። ከጠነከረ ይተርፋል። ካልሆነ ከፋሲካ በኋላ ቆፍሬ እሞላዋለሁ» አላት።

«ቆፍሬ» የሚለውን ስትሰማ ከወንበሩ ወርዳ ነጠላዋን መፈለግ ጀመረች። ልጇ ማኅሌት ለዳግም ትንሣኤ ታገባለች።

ባጃጅ ውስጥ «ልጄን ስድር አፌን በነጠላ ሸፍኜ እልል ልበል?» አለችኝ። «ደግሞ ያ መሰርሰሪያ! ድምፁን ስሰማ ነፍሴ ነው የምትወጣው።»

ቤት እንደደረስን ሻንጣዬን ከፍቼ ከጃፓን ያመጣሁትን የጥርስ ሳሙና አወጣሁ። ብሩሹ ላይ ቀባሁላትና በኩራት ማብራራት ጀመርኩ።

«ውስጡ ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባል ነገር አለ። ጥርስሽ የተሠራበት ማዕድን ራሱ ነው፣ በጣም ደቆ። ስትፍቂበት የሳሳው ቦታ ላይ ገብቶ ይለጠፋል። የተሰነጠቀ ግድግዳ እንደ መምረግ በይው። አጥንትሽም የተሠራው ከዚሁ ነው።»

አፏ ጋ የደረሰው ብሩሽ ቆመ።

«የማን አጥንት?»

«የማንም አይደለም፣ እትዬ። ብዙ ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠሩት።»

«ብዙ ጊዜ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። «ከከብት አጥንትም ሊሠራ ይችላል። ከእንቁላል ቅርፊትም የሚሠሩ አሉ» አልኳት።

«እንቁላል!» ብሩሹን ሳህን ላይ አስቀመጠችው። «በሁዳዴ ከብትና ዶሮ አፌ ውስጥ ልትከትብኝ!»

ጎረቤታችን ወይዘሮ ፈጠነች ጩኸቷን ሰምታ ገባች። ያደገችው ቢጠና በኩል ነው፤ ጥርሷ በዚያ አገር ውሃ በልዟል። ጴንጤ ስለሆነች ሁዳዴ አይመለከታትም።

«ታንጉት፣ አንቺ ካልፈለግሽ ለእኔ ስጪኝ። ያነጣል?»

«ብልዙን አያነጣም» አልኳት።

«ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ የሚነዝረኝንስ?»

«ለዚያ ሊረዳ ይችላል።»

እትዬ ታንጉት እጇን አጨበጨበች። «ሰማሽው? ይችላል! ይሄን ሁሉ ዓመት የተማረው ‹ይችላል›ን ነው!»

በማግስቱ የንስሐ አባቷን መምሬ ብሩን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም «ስለ ጥርስ ሳሙና የተጻፈ አላየሁም» ብለው ሳቁ። «ከእንስሳ ከሆነ እስከ ፋሲካ ይቆይሽ። ከድንጋይ ከሆነ ፋቂበት። ልጁ ይጠይቅና ይንገርሽ።»

ልጁ እኔ ነኝ። ማሸጊያውን ደጋግሜ አነበብኩ። የማዕድኑ ስም ተጽፏል፣ ከምን እንደተሠራ ግን አልተጻፈም። ለአምራቹ በድረ ገጹ ላይ መልእክት ላክሁ። መልስ የለም። «ከድንጋይ ነው» ብላት ያልቅ ነበር። ምናልባትም እውነት ይሆናል። ግን ከአፌ ከወጣ አምና ነው የምትፍቅበት፤ ያ እምነቷ አስፈራኝ።

«አላወቅሁም፣ እትዬ» አልኳት።

«እሺ። ይሄስ?» ከሱቅ የገዛነውን ሌላ የጥርስ ሳሙና አነሳች። ውስጡ ግሊሰሪን አለ፤ ግሊሰሪኑ ከእንስሳ ስብ ይሁን ከአትክልት ዘይት እርግጠኛ አልነበርኩም። ፊቴን አይታ እሱንም አስቀመጠችው። በዚህ ዓይነት የጥርስ ሳሙና ሁሉ ከቤቱ ታገደ፤ የጃፓኑን ወይዘሮ ፈጠነች ወሰደችው።

«እንግዲህ ጥርሴ መውለቁ ነው» አለች እትዬ ታንጉት፣ አሁን ሳትስቅ።

ያን ጊዜ ነው ሻይዋን ያየሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾሟን የምትገድፈው በዳቦና በሻይ ነው፤ ያውም ስኳሩ ማንኪያ የሚያቆም ሻይ፣ እስኪመሽ እየተደጋገመ።

«ጥርስሽን የሚያሟሟው ይሄ ነው። ስኳሩን ተዪው» አልኳት።

«ስኳር እኮ የጾም ነው!»

«ነው። ጥርስሽ ግን አያውቅም።»

ብርጭቆዋን አየች፤ እኔን አየች። «ይችላል የለም?»

«የለም። ይሄን አውቃለሁ።»

«በል እንግዲህ፣ ስኳርም ጨምሬ እጾማለሁ።»

ከዚያን ቀን ወዲያ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የተቀቀለ ጎደሬ በሚያቃጥል ዳጣ ትበላለች፤ ባዶ ሻይ ፊቷን አጨማዳ ትጠጣለች፤ «ጃፓን ይሄን ነው ያስተማረህ?» ትለኛለች፤ ከዚያ በወይራ መፋቂያዋ ጥርሷን ስትፍቅ ታመሻለች። ወይዘሮ ፈጠነች በአጥሩ ላይ ብቅ እያለች «ታንጉት፣ ከብትሽ ይጣፍጣል!» ትላታለች።

በፋሲካ ሳምንት ዶክተር እስራኤል ጋ ሄድን። እትዬ ታንጉት ወንበሩ ላይ እጄን ጨምቃ ያዘች። ሐኪሙ ነጥቡን በመብራት አየው፤ ቀስ ብሎም ነካው።

«አልሰፋም። እንዲያውም ጠንክሯል፤ መቆፈር አያስፈልገውም። ምን ተጠቀሙ?»

«ጾም!» አለች።

ስኳሩን መተዋ ይሁን መፋቂያው እንጃ። ወይዘሮ ፈጠነችንም ቀዝቃዛ ውሃ መንዘሩን ትቷታል። የእሷም በምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ ሊሆን ይችላል ከማለት አላልፍም።

በሠርጉ ቀን እትዬ ታንጉት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ አፏን ከፍታ እልል ስትል ፎቶ አነሳኋት። ሙሽራዋ አጠገቧ ብትሆንም ፎቶው ላይ የሚታየው የእሷ ጥርስ ነው።

«አሁንማ ፍስክ ነው፣ ያን ሳሙናህን አምጣ!» አለችኝ።

«አለቀ እኮ» አለች ወይዘሮ ፈጠነች፣ ዳቦዋን እያኘከች።

«እንግዲያው ሌላ አስመጣ፣ በድልዬ። ግን የሐዋርያት ጾም ሳይገባ ጠይቅልኝ። ከድንጋይ ከሆነ አላቋርጠውም።»

ያን ዕለት ማታ ለአምራቹ እንደገና ጻፍኩ። «ማዕድኑን የምትሠሩት ከምንድን ነው? አክስቴ መልሱን ከሐዋርያት ጾም በፊት ትፈልገዋለች። ጥርሷ ይኸው።» ፎቶውን አያያዝኩ። ድረ ገጹ የምኖርበትን ከተማ ጠየቀኝ፤ ልቅር ልሂድ ሳልል «ሶዶ» ብዬ ሞላሁና ላክሁት።

የሐዋርያት ጾም ገባ፣ ወጣም። መልስ አልመጣም።