ለሰሚው ግራ

ዛሬ ሬሲቨር ሲባል ሰው ሁሉ የዲሽ ይመስለዋል። የእኔ ሌላ ነው። ፊቱ ብርማ፣ ጎኑ እንጨት፣ ሲበራ የጣቢያ መስታወቱ ሰማያዊ የሚሆን፣ ሬዲዮም ማጉያም የሆነ የድሮ ዕቃ። ክብደቱ ወገብ ይፈትናል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ እንዲህ ያለውን ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ የሞተውን ቀይሮ ማስዘፈን ነው። የምሠራው ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ጨለማው መኝታ ቤት ውስጥ ተወሽቋል። ለብርሃኑ ስትል ጠረጴዛዬን ትፈልገዋለች።

«ይሄ የወንድሜ ሬዲዮ እስከ ቅዳሜ ካልዘፈነ፣ ጠረጴዛው የእኔ ነው» አለችኝ።

«ከዘፈነስ?»

«ዳግመኛ አላነሳብህም።»

ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነው። ቅዳሜ አዲስ ሱቅ ይከፍታል። ስፒከሮቹን እዚያ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሬዲዮኑን ብቻ አመጣልኝ። ስለዚህ የምፈትነው በጆሮ ማዳመጫ ነበር።

ቀኙ እንደ ወፍ ይዘፍናል። ግራው ጭጭ።

አቧራውን በብሩሽ አወጣሁ። የድምፅ ማዞሪያውን ዝገት ይዞት ይሆናል ብዬ በስፒሪት አጠብኩ። ጭጭ። ያበጡትን ካፓሲተሮች ነቅዬ አዲስ በየድኩ። ጭጭ። የግራና የቀኙን ሽቦ አቀያየርኩ። ብልሽቱ የሬዲዮኑ ከሆነ ወደ ቀኝ ጆሮዬ መዛወር ነበረበት። አልተዛወረም። እንግዲያው ማዳመጫው ነው ብዬ ሌላ ተዋስኩ። ግራው ያው ጭጭ።

ዓርብ አማቼ፣ የሚስቴ ወንድም፣ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ እንዴት ሆነልህ?»

«ግራ ገባኝ።»

«ቀኙስ?»

«ቀኙ ደህና ነው።»

«እንግዲህ እኔም የደንበኛውን ቀኝ ጎን ብቻ ቆርጬ እሸኛለሁ።»

ሚስቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ከመኝታ ቤት ወጣች። ጠረጴዛውን በዓይኗ ለካችው። አየኋት።

«እስቲ አምጣው» ብላ ማዳመጫውን ከራሴ ላይ አንስታ አጠለቀች። ትከሻዋ መወዝወዝ ጀመረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሁለቱም እኮ ይዘፍናሉ!»

«ግራውም?»

«ግራውማ ብሶበታል!»

ወንድሟም አጠለቀና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ። እኔ የተበላሸ ሬዲዮ የማይበት አስተያየት ነው።

ሚስቴ ማዳመጫውን ገልብጣ አጠለቀችልኝ። የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ሆነ። ቀኝ ጆሮዬ ሰማ። ግራው ጭጭ።

«ይሄማ ለሰሚው ግራ ነው!» ብሎ አማቼ ወንበር ላይ ተዘረጋ።

«ሁሉን ስትቀያይር ጆሮህን ረሳኸው» አለች ሚስቴ።

እኔ አልሳቅሁም። ጆሮ የሌለው ሰው ጠረጴዛ ምን ያደርግለታል?

በዚያው ቀን ክሊኒክ ወሰደችኝ። ነርሷ በትንሽ መብራት ወደ ውስጥ አየች።

«ኩክ ነው አባባ። ደርቆ ደፍኖታል።»

ጠብታ አድርጋ፣ ጥቂት አቆይታ፣ ለብ ባለ ውሃ አጠበችው። የወጣውን አልጽፈውም። በሩን ከፍቼ ስወጣ ማጠፊያው ሲጢጥ ሲል በግራዬ ሰማሁት። ዘይት ያስፈልገዋል።

ሚስቴ እንደ ልማዷ በግራዬ ትሄዳለች።

«እኔ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ያልከኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

«ምን ብለሽኝ?»

«ጠረጴዛውን እንካፈል ብዬህ። ራስህን ነቅንቀህ እሺ ብለኸኛል።»

«መቼ?»

«ስንቴ! ከዚያ ግን ንቅንቅ አላልክም። ተናድጄ ነው ጠረጴዛውን በሙሉ አምጣ ያልኩት።»

ቅዳሜ ሬዲዮኑ ሱቁ ውስጥ በሁለቱም ጎን ዘፈነ። ጠረጴዛው የእኔ ሆነ። ግን ሳልሰማ ያልኩትም እሺታ እሺታ ነው። ማታውኑ የስፌት መኪናውን ተሸክሜ ወደ ሳሎን አወጣሁ።

«በየት በኩል ይሁን?» አልኳት።

«በግራህ።»

አሁን ማዳመጫ ሳጠልቅ እንኳ ግራው ጭጭ አይልም።