የባትሪ ጋሪው ጥማት

አዲስ አበባ ላይ የምሸጠውን በባትሪ የሚሄድ የዕቃ ጋሪ ያሳየሁት ሰው ሁሉ «ዳገት ይወጣል?» እያለ ነዘነዘኝ። አሰብ ሜዳ ስለሆነች በ1962 ዓ.ም. ይዤው ስወርድ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

የዓሣ ማከማቻው ኃላፊ አቶ ሑመድ ስለ ዳገት አልጠየቁኝም። የባትሪውን ክዳን ከፍተው አዩና፣ «በዚህ ሙቀት ስንት ውሃ ይጠጣል?» አሉኝ።

«በሳምንት ሁለት ሊትር፤ ያውም የተጣራ» አልኩ እያፈርኩ። ለሰው እንኳ ውሃ ብርቅ በሆነበት አገር ጋሪዬ አበቃለት!

እሳቸው ግን እጄን ይዘው ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ጓሮ ወሰዱኝ። ከማሽኑ ቱቦ ጠብ የሚለው ውሃ ባልዲውን ሞልቶ ይፈሳል። ጋሪውን የሠራው ፋብሪካ እንኳ ያላሰበው መላ!

«ከአየር የወጣ ነው፤ ጨው የለበትም» አሉ። «አሁን ያለኝ የናፍጣ ጋሪ በጭሱ ዓሣዬን ከሚያበላሽብኝ፣ ያንተ ጋሪ ይህን ይጠጣ። ሁለት አምጣልኝ።»