አራተኛዋ ኖታ

«ይሄማ ስህተት ነው» አለ የሟቹ የድሮ ተማሪ ሀፊዝ ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዙሮ። «ስድስት ክር፣ ስድስት ኖታ። የአምስቱ ኖታ ራስ ክብ፣ የዚቺ የአንዷ ብቻ ኤክስ። መምህር ደክሞት ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ክብ አድርጊያትና መጽሐፉን ለማተሚያ ቤት እንላከው።»

ሊድያ የአባቷን ማውዝ ያዘች። አባቷ መምህር ቀለሙ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ ከቤታቸው ደጅ በተተከለው ድንኳን፣ ለቀስተኛው ንፍሮ እየዘገነ ያንሾካሹካል።

ስማቸው የሚባለው የሟች ታናሽ ወንድም ከጥጉ ንቅንቅ አላለም። ከኮምቦልቻ የመጣው «ወንድሙን ሳይቀብር ቀረ» እንዳይባል ነው። ቀለሙ የወሎን ዜማ በኖታ ሲጽፍ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ፤ አንድ ቀን ደውሎለት አያውቅም። የሚጽፈው ግን የማንን ክራር ሆነና? በስልኩ የቀረጸው የስማቸውን አይደል?

ስማቸው ክራር የተወበትን ቀን አይረሳውም። የባህል ቡድኑ ልምምድ ላይ ነበር። በልጅነቱ ተሰብሮ የተጣመመው የግራ እጁ ጣት ከአራተኛው ክር ላይ አልነሳ ይላል፤ ክሩ ሲመታ ይታፈንና «ቃ» ይላል። ቀለሙ እጁን አንስቶ ሁሉንም አስቆመ።

«ያቺ ጣትህ ክራሩን ገደለችው።»

ሰው ሳቀ። ስማቸው ክራሩን ግድግዳ ላይ ሰቀለና ኮምቦልቻ ወርዶ ጋራዥ ገባ። በዚያው ቀረ።

«ቆይ ጋሼ ሀፊዝ» አለች ሊድያ። «ደክሞት ቢሆን አንድ ቦታ ነበር። ይኸው፣ በየኮርዱ፣ ስድስቱ ክር አንድ ላይ በሚመታበት ሁሉ አለች።»

«በየኮርዱ?»

«ስድስቱን ኖታ የሚያያይዘውን ግንድ በማውዙ ከነካህ እኮ ስድስቱም ኤክስ ይሆናሉ። አንዷን ለመለወጥ የሷን ራስ ብቻ መንካት አለብህ። አባዬ ደግሞ ዓይኑ ደክሞ ነበር። ይስታል፣ ሁሉም ይበላሻል፣ "እግዚኦ!" ይልና እንደገና ይጀምራል። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ነበር።»

«ኤክስ የታፈነ ክር ነው። ዘፈኑን ሙሉ አንድ ክር አፍኖ የሚመታ ወላሂ አላየሁም!»

«እኔም ብዬው ነበር። "ክብ ካደረግኳት የሚመታው ሌላ ሰው ይሆናል" አለኝ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ስማቸው ተነስቶ መጣ። «ከታች ስንተኛዋ ናት?»

«አራተኛዋ፣ አጎቴ።»

ኖታ ማንበብ አይችልም። ግን ቆጠረ። ቀጣዩንም ቆጠረ። ገጹ ሲገለበጥም አራተኛዋ እዚያው ናት። ለእኔ መንገር አቅቶት ለማሽን ነገረ፣ አለ በሆዱ። ኮምቦልቻ ሩቅ ሆኖበት!

«እሺ፣ ምን ይሁን?» አለ ሀፊዝ። «የማተሚያ ቤቱ ሰዎች እየጠበቁ ነው።»

ሊድያ ማውዙን እንደያዘች አጎቷን አየችው።

«እንዳለ ይታተም» አላት።

ለቅሶ ቤት ክር አይመታም። ስማቸው ሦስት ቀን ሙሉ ጋቢው ውስጥ የሸሸጋትን ግራ እጁን አወጣ፤ የተጣመመች ጣቱን የወንድሙ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ጫን አደረጋት። አላነሳትም።