የማማው በር የተከፈተበት ሰዓት

1.

ፓስወርዱን አልቀየሩትም።

ደሴ ቢሮዬ ተቀምጬ፣ ኩታበር ተራራ ላይ ካለው የኔትወርክ ማማ ሥር ወደተቀመጠች ሳጥን እየገባሁ ነው። የጫማ ካርቶን ታክላለች። የባትሪውን ጉልበት፣ የጄኔሬተሩን ነዳጅ፣ የበሩን መከፈትና መዘጋት መዝግባ ትልክልናለች። ዘሐራ እባላለሁ፤ ሥራዬ እንዲህ ያሉ ሳጥኖችን ከሩቅ ሆኖ ማስተካከል ነው። ዛሬ ግን ቂሜን ልወጣ ነው የገባሁት።

2.

ከቢሯችን ፋይል የተወሰደ፣ የአምናው ቅጽ፦

የጠፋ ንብረት፦ ስምንት ባትሪ
በሩ የተከፈተበት ሰዓት (ከሳጥኗ መዝገብ)፦ 04፡10፣ ሊነጋ ሲል
ተረኛ ጥበቃ፦ ሙሄ ይማም
ውሳኔ፦ ከሥራ ተሰናብቶ ለፖሊስ ይሰጥ
ፈራሚ፦ ኢንጂነር ዳግማዊ ወርቅነህ

ሌባ።

ይህ የመጨረሻው ቃል ቅጹ ላይ የለም። ከተማው ነው የጨመረው።

3.

ጋሽ ሙሄ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ቢሮው ይህን አያውቅም።

የሚጠብቁት ሌሊት ሌሊት ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ቆልፈው ወደ እርሻቸው ይወርዳሉ። ኢንጂነሩ በረፋድ አይሱዙ ይዞ መጥቶ ባትሪ ሲያስጭን ከእርሻዬ ሆኜ አይቻለሁ ብለው ማሉ። ኢንጂነሩ ማሽን አይዋሽም አለ፤ ጉዳዩን ያየው የቢሮው ኮሚቴም ራሱን ነቀነቀ። አርባ ቀን ጣቢያ ሲሚንቶ ላይ ተኙ። አሁን ጁምዓ መስጊድ መሄድ ትተዋል፤ ለሶላት ሰልፉ፣ ሶፍ ላይ፣ ሲቆሙ ሰው ከአጠገባቸው ፈቀቅ ይላል።

4.

የዛሬ ጠዋት ስልክ፣ ቃል በቃል፦

ኢንጂነሩ፦ ዘሐራ፣ የኩታበሯን ሳጥን ግቢና አጽጂልኝ። የቆየውን መዝገብ በሙሉ ሰርዢው።
እኔ፦ ባትሪ የጠፋበትንም ቀን?
ኢንጂነሩ፦ ያለቀ ጉዳይ አይደል እንዴ? ነገ ኦዲተሮች ይመጣሉ፤ ግርግር አልፈልግም።

ዝም ቢል ኖሮ ነገሩን ዞር ብዬም አላየውም ነበር።

5.

አንባቢ፣ አብረኸኝ ግባ።

ከሩቅ ወደ ሳጥኗ የሚያስገባውን ቪፒኤን ክፈት። የሳጥኗን አድራሻ ጻፍ። ፓስወርዱን አስገባ። አሁን ምንም ሳትሰርዝ ሰዓቷን እይ።

ሳጥኗ 03፡52 ትላለች። ኮምፒውተሬ 09፡52 ይላል።

ስድስት ሰዓት።

ገባህ? ሳጥኗ የምትቆጥረው በሐበሻ ሰዓት ነው፤ እኛ ደግሞ በፈረንጅ እያነበብናት ኖረናል። 04፡10 ሊነጋ ሲል አልነበረም። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥር ነበር። የቁልፍ መዝገቡን ከመሳቢያ አወጣሁ። ያን ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የማማውን ቁልፍ ፈርሞ የወሰደው ራሱ ኢንጂነሩ ነው።

6.

ሳቅኩ። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ።

ደስታዬን ከአንተ አልደብቅም። በካቴና ከቢሮው ሲወጣ፣ ጸሐፊዋ ቀና ብላ ስታየው፣ ጎረቤቶቹ ከአጥር ላይ ሲያዩት ዓይኔ ላይ መጣልኝ። እሱም ሲሚንቶው ላይ ይተኛ፤ አርባ ቀን ሳይሆን አርባ ወር።

7.

ይህን ቁጥር ባዶ ልተወው ነበር።

ሳጥኗን የተከልኳት እኔ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት። መመሪያው የአካባቢውን ሰዓት ሙላ ሲለኝ የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ከሩብ ይላል። 03፡15 ብዬ ሞላሁ። እየዘነበ ስለነበር ላፕቶፑ እንዳይረጥብ ያን ቀን እኔን ሊያግዙ ወደ እርሻቸው ሳይወርዱ የቆዩት ጋሼ ጋቢያቸውን ከላዬ ዘርግተው ያዙልኝ።

ባትሪውን የሰረቀው ኢንጂነሩ ነው። የሚደበቅበትን ሌሊት ያበጀሁለት እኔ ነኝ።

8.

ለጋሼ ደወልኩላቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳልቆርጥ፣ ሳልቀጥል። 

«ያንቺ ስም ሳይነካ አይሆንም?»

«አይሆንም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ተይው፣ ልጄ። እኔ ለምጄዋለሁ።»

ይህን ሲሉኝ ቂሜ እጥፍ ሆነ። ግማሹ ግን ወደ እኔ ዞረ።

መዝገቡን ለኦዲተሮቹ ከላክሁት ሥራዬ ያበቃል። እናቴም ወንድሟ በማን እጅ እንደተዋረደ ታውቃለች። ከሰረዝኩት ጋሼ ሌባ እንደተባሉ ይቀበራሉ።

9.

የኦዲተሮቹን የጥቆማ ቅጽ ከፈትኩ። አንድ መስመር እንኳ ባዶ ከሆነ አልላክም ይላል።

ንብረቱ የወጣበት ትክክለኛ ሰዓት፦ ከረፋዱ 4፡10
ያወጣው ሰው፦ ዳግማዊ ወርቅነህ
ያለጥፋቱ የተቀጣ ሰው፦ ሙሄ ይማም
ማስረጃ፦ የሳጥኗ መዝገብ፣ የቁልፍ መዝገብ
መሣሪያው ላይ ስህተት ከነበረ፣ ስህተቱን የፈጸመው ሠራተኛ ሙሉ ስም፦