ለታናሽ አራት ሳምንት

ሾፌሩ የፕሮስቴት ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣለት ወዲህ ሽንቱ አልታዘዝ ብሎት፣ ተርሚናል በደረሰ ቁጥር ከአውቶቡሱ ወርዶ ይሮጣል። ባልደረቦቹ "የሚያፈሰው መኪናው ነው አንተ?" እያሉ ሲያሾፉበት አብሯቸው ይስቅ ነበር። ከሞት ይሻላል ባይ ነው።

አንድ ቀን ሐኪሟ የደም ምርመራውን አይታ ወንበሯን አስጠጋች።

"አባባ፣ ካንሰሩ ተመልሷል። ጨረር ያስፈልግዎታል።"

የሾፌሩ ፊት አመድ መሰለ። ታላቅ ወንድሙ በያጁም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንዲሁ ተመልሶበት፣ ሰባት ሳምንት ለጨረር እንዲመላለስ ታዞ ነበር። አለቃው "ወይ ሥራህን ወይ ሕክምናህን" ሲለው፣ ሦስት ሳምንት ሄዶ ተወው። አምና ቀበሩት።

"ሰባት ሳምንት ከሥራ የሚለቀኝ የለም" አላት።

"ሰባት ማን አለዎት? አሁን የየቀኑን መጠን ጨመር አድርገን በአራት ሳምንት እንጨርሳለን። አብዛኛው ሰው ረጅሙን እንደሚችለው ሁሉ ይህንንም ይችለዋል።"

"ከመቼ ወዲህ ነው?"

"እዚህ ከጀመርነው ጥቂት ወራት ነው።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ ሾፌሩ። ሐኪሟ ግራ እንደገባት ቀጠሮውን ጻፈችለት።

ጠዋት ጠዋት ለጨረር እየሄደ ከሰዓት መሪውን ይጨብጥ ጀመር። ከጨረሩ በፊት ውሃ ጠጥቶ ፊኛውን መሙላት ነበረበት፤ ሁለቴ የጨረሩ ማሽን አልጋ ላይ ሽንቱ አመለጠው። የጨረር ባለሙያው አንሶላውን ሲቀይር "አይዞዎት" ይለዋል። ሾፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳው ወዳለበት ይዞራል።

ለበያጁ ሚስት ግን መናገር አቃተው። ከሰው ሰምታ መጣች።

"ቁጭ በይ እንጂ፣ እትዬ።"

"ስንት ሳምንት ነው ያሉህ?"

"አራት።"

በር ላይ እንደቆመች ጣቶቿን አየች።

"የኔ ሰው ሦስቱን ሄዷል" አለች። "የቀረችው አንዲት ሳምንት ብትሆን ኖሮ፣ እኔ ራሴ አለቃው እግር ላይ ወድቄ አስፈቅድለት ነበር። አራት ሳምንት ቀረኝ ሲለኝ ነው አንደበቴ የታሰረው።"

ሾፌሩ ወንበር ሳበላት።

"እንኳን ለአንተ ደረሰልህ" ብላ ወጣች። ምርቃቷ ከእርግማን ከበደው።

ከወራት በኋላ የደሙ ውጤት ጥሩ ሆነ። ሚስቱ ስልኩን አንስታ ለእትዬ ልትደውል ስትል እጇን ያዛት።

"ተዪው።"

"ደስ ይላታል እኮ።"

"ይላታል" አለ። "እሱ ነው የሚያስፈራኝ።"